አመድ ውስጥ ያደረ ጥርስ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የጋለ መጥበሻ ከምድጃ አንስቼ ሳላስበው የቧንቧ ውሃ ከፈትኩበት። እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነው፤ ከመጥበሻው ሥርም አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። ቀጭ። ከዚያ በኋላ ዝም። እኔም ክው ብዬ ቀረሁ። ሴት ልጄ ከሳሎን ሮጣ መጥታ "እማ፣ ተቃጠልሽ እንዴ?" አለችኝ። አልተቃጠልኩም። መጥበሻውም አሮጌ ነው፤ ቢሰነጠቅ የሚያሳዝን አይደለም። ያስደነገጠችኝ ድምፅዋ ናት። ያቺን ድምፅ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማኋት፤ በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ በአባቴ ብየዳ ቤት ውስጥ። ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ምን እንደመጣ ልንገራችሁ።

ብየዳ ቤቱ ከፒያሳ አስፋልት ወደ ውስጥ ሲታጠፉ፣ አንዲት ትንሽ መኪና ግድግዳ እየፋቀች በምትገባበት መንገድ ዳር ነበር። ከብየዳ ቤቱ ጎን ሁለት ክፍል ቤት ነበረችን፤ እዚያ ነው የተወለድኩት። ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤቱ የሚመጣው የትኩስ ዳቦ ሽታ ከተቃጠለ ብረት ሽታ ጋር ይቀላቀልና የትኛው ቁርስ እንደሆነ አይለይም ነበር። የኋላው ግድግዳ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በታችኛው መንገድ ካለው ቤት ጋር እንካፈለዋለን። የእኛ ሰፈር ቤቶች እንደዚያ ነበሩ። አንዱ ቤት ቢያስነጥስ ሌላው "ይማርህ" የሚል ይመስል ተደጋግፈው ነው የቆሙት።

በዚያ ዓመት የታችኛው መንገድ ሰዎች ቤታችሁ ሊፈርስ ነው፣ ተነሡ ተብለው ዕቃቸውን ጭነው ሄደው ነበር። የእኛ መንገድ "ለጊዜው አይነካም" ተብሏል። አባቴ "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል እንደ ቤት ካርታ ይዟት ነበር። ሌላ ቦታ ብየዳ ቤት መክፈት በእሱ ዕድሜ የሚታሰብ አልነበረም፤ ደንበኞቹ የጎረቤት ሰዎች ናቸው፣ ስሙን የሚያውቀው ያ መንገድ ነው። ማታ ማታ እናቴ ዕቃ እናሽግ ስትለው "ማነው የነካን?" ይላታል።

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው አንድ የትራክተር ሾፌር የመጣው። ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ትራክተሯ ትንሽ ናት፤ ከፊቷ አፈር የሚዝቅ ሰፊ የብረት አካፋ ተገጥሞላታል። ባኬት ይሉታል። የባኬቱ ከንፈር ልሙጥ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይንሸራተታል፣ አይነክስም፤ እና ጥርስ ይሠራልኝ አለ። አባቴ ሥራ ሲመጣለት ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ምን ሊሸከም ነው? ለአልጋም፣ ለበርም፣ ለጋሪም ይኸንኑ ይጠይቃል። ለባኬቱ ግን "ምን ሊነክስ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሾፌሩ መሬት መሬት እያየ "ድንጋይና አፈር ነው ጋሼ" አለ። አልዋሸም። የማን ድንጋይ እንደሆነ ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ሰባት ጥርስ ነበር የሚያስፈልገው። አባቴ ከወደቀ የጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ ገዝቶ አስቀምጦ ነበር፤ መኪናውን ከሥር ደግፎ የሚያነጥረው ያ ጠንካራ ብረት። ከእሱ ሰባቱን ቆረጠ። ርቀቱን የለካሁት እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ነበርና በየቀኑ ከእሱ ጋር እውላለሁ። በነጭ ጠመኔ አምስቱን መሐል ላይ፣ ሁለቱን ጥግና ጥግ ላይ ምልክት አደረግኩ። ጥግ ያለው ጥርስ ነው ሸክሙን የሚቀበለው እያለ የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ አስለካኝ። ሰፈሩ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ በበሩ ሲያልፍ "ጋሼ፣ የጥርስ ሐኪም ሆኑ አሉ፤ የኛንም ይዩልን እንጂ" ይለዋል። እሱ መነጽሩን ሳያወልቅ "ያንተ እንኳን በብየዳም አይድን" ብሎ ይመልሳል። በዚያ ሳምንት ደስ ብሎት ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ባሌስትራ እልኸኛ ብረት ነው። ቀዝቅዞ ከተበየደ ይሰነጠቃል፤ ተበይዶ ቶሎ ከቀዘቀዘም ይሰነጠቃል። አባቴ መጀመሪያ በከሰል ያግለዋል፤ በጣቱ ውሃ ጠብ ሲያደርግበት ጠብታዋ ሳትተን ተንከባልላ ስትሸሽ ያኔ ይበይዳል። ሲጨርስ ደግሞ ብየዳውን ሙቅ አመድ ውስጥ ይቀብረዋል። አመዱን ከዳቦ ቤቱ ምድጃ በጆንያ የማመጣው እኔ ነኝ። ሕጉ አንድ ነበር፤ እስከ ማግሥቱ ጠዋት፣ መዳፍ ተጭኖበት እስኪቻል ድረስ፣ አመዱን ማንም አይነካም። ሌላም ልማድ ነበረው። የሠራው ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ ማየት አለበት። በር ከሆነ የመጀመሪያውን መዝጋት፣ ጋሪ ከሆነ የመጀመሪያውን ጭነት። ብየዳ ውስጡን የሚናገረው ሸክም ሲያርፍበት ነው ይል ነበር።

የመጨረሻውን፣ የጥጉን ጥርስ በይዶ አመድ ካለበሰው በኋላ ለቅሶ ተጠርቶ ሄደ። "አደራ" አለኝ። አሥር ሰዓት ገደማ ሾፌሩ መጣ። ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። ለየት ባለ አክብሮት አየኝና "አንቺ ነሽ አሉ የለካሽው፤ እስቲ ልየው" አለ። ማንም እንደ ባለሙያ አይቶኝ አያውቅም። ስድስቱ ቀዝቅዘው በግልጥ ይታዩ ነበር፤ እነሱን ማሳየት ይበቃ ነበር። እኔ ግን የለካሁት ሁሉ እኩል መሆኑን ላሳየው ብዬ አመዱን በአካፋ ገለጥ አደረግኩለት። ጥርሱ ገና ያቃጥላል። ንፋስ ገባ፣ ከካፊያውም ትንሽ ይዞ። ያኔ ነው የሰማኋት። ቀጭ።

ሾፌሩ አልሰማም። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ቆንጆ ነው" ብሎ ሄደ። እኔ አመዱን መልሼ ከመርኩበት፣ በእጄም ደልደል አደረግኩት። አባቴ ሲመለስ ጋቢውን ሳያወልቅ "አመዱን የነካው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ይህንን ጥያቄ በየሥራው ይጠይቃል፤ ተጠራጥሮ አልነበረም። "የለም" አልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ግን የጣልኩትን እንኳ ጎንበስ ብዬ ለማንሳት አልደፈርኩም።

በማግሥቱ ባኬቱ በትራክተሯ ላይ ተገጠመ። ሰባቱም ጥርስ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ሰው ቆሞ ያደንቃል። አባቴ እንደ ልማዱ ኮቱን ደርቦ ልሂድ ሲል የሾፌሩ ፊት ተለዋወጠ። "ጋሼ ይቅርብዎት፣ አቧራ ነው" አለ። አባቴ ሳቀ። እኔ ከብረት አቧራ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ ብሎ ቀድሞ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ሥራው ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ያለ ቦይ መስሎት ነበር፤ እዚያ ቁፋሮ ነበረ። ትራክተሯ ግን አስፋልቱ ላይ ወጥታ ዞረችና በታችኛው መንገድ ተመልሳ ገባች። ድምፅዋ ከብየዳ ቤታችን ኋላ መጣ። እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ እንደያዘች ብድግ አለች። እኔም ተከተልኳት።

ስንደርስ አባቴ ባዶው ቤት ፊት ለፊት ቆሟል፤ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚካፈለው ቤት። ሰው ተሰብስቧል። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ "ጋሼ፣ የታዘዝኩትን ነው" አለ። የአባቴ ፊት እንደ አመዱ ሆነ። ያ ግድግዳ ከተነሣ ብየዳ ቤቱ ጀርባውን ራቁቱን ይቀራል፤ ጣሪያውም እሱ ላይ ነው ያረፈው። "ለጊዜው" የምትለዋ ቃል ያን ቀን አለቀች። እኔ አባቴ ይጮሃል፣ ትራክተሯ ፊት ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ ጥርሶቹን ማየት ጀመረ።

ባኬቱ ወረደ። የቤቱ መሠረት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድሮ የተጣለ። ጥርሶቹ ሁለት ድንጋይ መሐል ገቡና ነቀሉት። ልሙጡ ከንፈር ይኸንን በሳምንት አያደርገውም ነበር። የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ፤ አባቴ ራሱን ነቅነቅ አደረገ። ትንሽ ናት፣ ሥራው ሲሠምር ብቻ የሚሰጣት ንቅነቃ፤ አየኋት። ሁለተኛውን ነከሰ። ሦስተኛው የጥጉ ድንጋይ ነበር፣ ከእኛ ግድግዳ ሥር የገባው። ሾፌሩ በጥጉ ጥርስ ቆልፎ ወደ ላይ ጎተተ።

የተሰማው እንደ ጥይት ነው። ጥርሱ ተፈንጥሮ በረረ፤ ሁላችንም ጎንበስ አልን። ቀና ስል የእናቴ ሳፋ እግሯ ሥር ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ጥርሱ የተሰነጠቀው ሳፋ ውስጥ፣ እርጥቡ ልብስ ላይ ተሰክቷል። ከእግሯ እስከ እሱ ስንዝር አይሞላም። ግድግዳ ይዤ መሬት ተቀመጥኩ። ሰፈርተኛው ግን ያየው ሌላ ነው። ትራክተሯ ቆማለች፤ ግድግዳው አልወደቀም። እልል አሉ። "ጋሼ ጉድ ሠሩላቸው! አውቀው ነው የበየዱት እኮ!" አለ አንዱ፣ ሌላው ትከሻውን እየመታ ሳመው። ትልቅ ማሽን በዚያ መንገድ አይገባም፤ ትንሿ ከተበላሸች ቢያንስ ለሳምንታት እፎይ ማለት ነበር። አባቴ በአንድ አፍታ ጀግና ሆነ።

ሄዶ ጥርሱን ከእናቴ እግር ሥር አነሳ። የተሰበረበትን ፊት ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። እኔም ከተቀመጥኩበት አየሁት። ግማሹ ያብረቀርቃል፤ አሁን የተሰበረው ነው። ግማሹ ግን የጠቆረ ሰማያዊ ነው፤ ያ ብረቱ ገና ሲግል የተሰነጠቀው። እንደኔ ላለች የበያጅ ልጅ ይኸ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ለእሱማ! ቀና ብሎ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔን ፈለገኝ። ያቺን አስተያየቱን እስከ ዛሬ ልናገራት አልችልም። ቁጣ ቢሆን በቻልኩት ነበር።

ከዚያ ሾፌሩን ቀና ብሎ አየውና "ቸኩዬ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አባቴ ሲዋሽ አልሰማሁትም።

እናቴ እጁን ያዘችው። "ተወው፤ እግዜር ነው የፈታው" አለችው። ሰፈርተኛውም ተወው፣ ተወው አለ። እሱ የተሰነጠቀውን ሳፋ አሳያት። "ስንዝር ቀርቶሽ ነበር" አላት። "ነገ ደግሞ የሌላ ሰው እናት ትቆማለች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሦስት ቃል ብቻ አለኝ፤ "ሂጂ፣ አመድ አምጪ።"

ዳቦ ቤት ድረስ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ስመለስ የብየዳውን ገመድ በጣሪያው ላይ አሳልፎ ወደ ታችኛው መንገድ አውርዶታል። ያን የመሰለ እልልታ የት እንደገባ እንጃ። አንዳንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። አንዱ ጎረቤታችን፣ ከእሱ ጋር በየእሑዱ ዳማ የሚጫወት ሰው፣ መሬት ላይ እንትፍ ብሎ አለፈ። አባቴ ተንበርክኮ ከሰሉን አራገበ፣ ውሃ ጠብ አደረገ፣ ጠብታዋ እስክትሸሽ ጠበቀ። ከዚያ ሰማያዊው ብርሃን በራ። የራሱን ቤት ግድግዳ የሚነቅል ጥርስ፣ ግድግዳው ፊት ተንበርክኮ እየበየደ። እኔ ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ፤ አልጨፈንኩም። ሁለት ቀን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰ ያህል ቆጠቆጠኝ።

ሲጨርስ ጥጉን ግማሽ በርሜል አመድ ውስጥ አስገባውና ለሾፌሩ እስከ ነገ ጠዋት ትራክተሯ እንደማትነቃነቅ ነገረው። ሾፌሩ አለቃው ጋ ደወለ፤ ራቅ ብሎ ብዙ ሲለማመጥ ይሰማ ነበር። ሲመለስ "እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት" አለ። የአባቴ ሕግ አንድ ቀን ሰጠን። በዚያች ቀን እናቴና ጎረቤቶች የብየዳ ማሽኑን፣ ብረት የሚያጣብቅበትን ሞርሳ፣ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን አወጡ። እንትፍ ያለውም ሰው ተመልሶ መጥቶ ቁም ሳጥኑን ተሸከመ። አባቴ ግን ምንም አላነሳም። በርሜሉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ እኔንም በእጁ መሬቱን መታ መታ አድርጎ አስቀመጠኝ። እስኪመሽ እንደዚያ ተቀመጥን። አሁን ይናገረኛል፣ አሁን ይናገረኛል እያልኩ ጠበቅኩ። እሱ ግን ንፋስ ሲመጣ ብቻ ኮቱን አውልቆ በርሜሉን ከለለው።

ጠዋት አመዱን ራሱ ገለጠ። መዳፉን ብየዳው ላይ ጫነ፤ ከዚያ የእኔን እጅ ይዞ መዳፌን እዚያው አሳረፈው። ብረቱ እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቅዟል። "በርዷል" አለ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ጥርሱ የጥጉን ድንጋይ ነከሰ፣ ጎተተ፣ ያዘ። በሁለተኛው ጉተታ ግድግዳችን ተንሸራቶ ወረደ። አቧራው ሲረጋ ያ ጨለማ ብየዳ ቤት ከወዲያ ማዶ በብርሃን ተሞልቶ ታየ፤ ጥላሸቱ፣ መጋዝ የሚሰቀልበት ምስማር፣ በልጅነቴ በጠመኔ የጻፍኩት ፊደል ሁሉ። በሕይወቴ ያን ክፍል እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባቴ ጥርሱን አየ። ራሱን በዚያችው ትንሽ ንቅነቃ ነቅነቅ አደረገ። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ከከተማው ዳር። እዚያ ብየዳ አይፈቀድም፤ ድምፁ ይረብሻል፣ መብራት ይጥላል ተባለ። ማሽኑን ሸጠው። አልፎ አልፎ የጎረቤት የበረንዳ ብረት በእጁ ዳበስ እያደረገ ብየዳው ክፉ መሆኑን ይነግራቸው ነበር፤ እነሱም ሽማግሌ ነው ብለው እሺ ይሉታል። ሰማያዊውን የስብራት ፊት በተመለከተ አንድም ቀን አላነሳውም። እኔም ስንት ጊዜ ልናዘዝ ብዬ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ካፊያ ነበር። ወደ እኔ ሳያይ "ያን ዕለት አመዱን ስትገልጪው ድምፅ ሰምተሽ ነበር?" አለኝ። አሥር ዓመት አልፎታል።

"ሰምቻለሁ አባዬ።"

"እንዴት አለ?"

"ቀጭ አለ።"

ራሱን ነቀነቀ። ያቺን ንቅነቃ፣ ለሥራው ብቻ የሚሰጣትን። "እኔ እሷን ለመስማት ስድስት ዓመት ነው የፈጀብኝ" አለ። "አስተማሪዬ ሰማህ ሲለኝ፣ እኔ ምንም። ስድስት ዓመት። ጆሮሽ ጥሩ ነበር።" ይቅርታ ልለው ስል ሻይሽ ቀዘቀዘ አለኝ። ጠጣሁት።

ቅዳሜ ዕለት መጥበሻውን ገልብጬ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ነው። ልጄ አጠገቤ ቆማ እኔን ታያለች።

"ሰማሽው?" አልኳት።

"ምኑን?" አለችኝ።